የተራራው እንቆቅልሽ፦ ሳጥን የሌለው ፍለጋ ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን

እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2 ቀን 2000 (ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.) ድረስ ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው የሳተላይት ቦታ አመልካች ሥርዓት ለአሜሪካ ጦር ኃይል ትክክለኛውን፣ ለተራው ተጠቃሚ ደግሞ ሆን ተብሎ የተዛባውን መረጃ ይሰጥ ነበር። በዚያ ዕለት መዛባቱ እንዲቀር ተደረገ። እስከ 100 ሜትር ይሳሳት የነበረው የእጅ መቀበያም በአንድ ሌሊት ስሕተቱ ከ10 እስከ 20 ሜትር ወደሚደርስ መጠን ዝቅ አለ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ በኦሪገን ግዛት ደን ውስጥ ልዩ ልዩ ዕቃዎች የያዘ ባልዲ ደበቀና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ለሌሎች አስታወቀ። ባልዲውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። ዛሬ ጂኦካሺንግ የሚባለው የፍለጋ ጨዋታ የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነበር።

የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። አንዱ ሳጥን ደብቆ የመገኛውን ቁጥር ይናገራል፤ ሌላው ቁጥሩን ይዞ ይፈልጋል። ያገኘ ሰው በውስጡ ባለው መዝገብ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ከውስጡ አንድ ነገር ከወሰደ በምትኩ ሌላ ያኖራል፤ ሳጥኑንም እንደነበረ መልሶ ይሸሽጋል። በአሁኑ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ መሸሸጊያዎች አሉ። አንታርክቲካ እንኳ ሳይቀር በሁሉም አህጉር ይገኛሉ።

ይህ ጨዋታ ለእኛ ምን ይፈይዳል? በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንካበርና በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ፣ የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው መካነ ብርሃን የሚዘልቀው የተራራ መንገድ በአገራችን ካሉ የሳይንስ መማሪያ ሥፍራዎች ሁሉ የላቀ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ይህ እንዲሆን ግን ሳጥኑን ትተን ጥያቄውን ብቻ ማስቀመጥ ይገባናል። የጥያቄው ደራሲም ከሩቅ የመጣ ጎብኚ ሳይሆን የመካነ ብርሃን፣ የደባርቅና የጎንደር ተማሪ ሊሆን ይገባዋል እንላለን።

በጨዋታው ውስጥ ያለው ሳይንስ

አንድ ተማሪ በእጅ ስልኩ ላይ የቦታውን ቁጥር ሲያነብ ምን እየተደረገ ነው? ከምድር ገጽ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን የሚዞሩ ቢያንስ 24 ሳተላይቶች አሉ። እያንዳንዳቸው እጅግ ትክክለኛ የሆነ አቶሚክ ሰዓት ተሸክመዋል። ሳተላይቱ ያለማቋረጥ “አሁን ሰዓቱ ይህ ነው፤ እኔም እዚህ ነኝ” የሚል መልእክት በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። መልእክቱ ከሰማይ እስከ ምድር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ አሥር በመቶ እንኳ ያነሰ ነው። መቀበያው ይህን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አባዝቶ ርቀቱን ያሰላል። ሦስት ርቀቶች ቦታውን ለመወሰን በቂ ይመስላሉ። ነገር ግን በስልካችን ውስጥ ያለው ሰዓት ርካሽና ስሕተተኛ ስለሆነ፣ ያንን ስሕተት ለማረም አራተኛ ሳተላይት የግድ ያስፈልጋል። አራት የማይታወቁ መጠኖች አራት ቀመሮች ይፈልጋሉና፤ ይህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው አልጀብራ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አልበርት አንስታይን ባስተማረው የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የመሬት ስበት በሚላላበት ከፍታ ላይ ያለ ሰዓት በምድር ላይ ካለው ይፈጥናል፤ በፍጥነት የሚጓዝ ሰዓት ደግሞ ይዘገያል። ሁለቱ ተደምረውና ተቀናንሰው የሳተላይቱ ሰዓት በየቀኑ 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ብርሃን በ1 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ 300 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ይህ ልዩነት ባይታረም ኖሮ የቦታ ስሕተቱ በአንድ ቀን ብቻ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ነበር። ብዙ ተማሪዎች “ይህ ንድፈ ሐሳብ በኑሯችን ላይ ምን ጥቅም አለው?” ሲሉ እንሰማለን። መልሱ በኪሳቸው ውስጥ ነው።

የቁጥሮቹንም ምንነት እንመልከት። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ በምድር ላይ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የኬንትሮስ ደቂቃ ግን ወደ ዋልታዎቹ በቀረብን ቁጥር ይጠባል። የሰሜን ተራሮች በሚገኙበት በ13ኛው ዲግሪ አካባቢ 1.81 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደቂቃው ሦስተኛ የአሥርዮሽ አኃዝ 2 ሜትር ያህል ማለት ነው። ስለዚህ አራትና አምስት አኃዝ እየደረደረ “ቦታው ይህ ነው” የሚል ሰው፣ መሣሪያው ከሚችለው በላይ እየተናገረ መሆኑን መረዳት አለበት። የመለኪያን ወሰን ማወቅ ከመለካት አይተናነስም።

አንድ ተራራ፣ ሁለት ስም፣ ሦስት ቁመት

የአገራችን ከፍተኛ ተራራ ቁመቱ ስንት ነው? በቆዩ ካርታዎችና በብዙ የትምህርት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ተጽፎ እናገኘዋለን። በኋላ በወጡ ጽሑፎች 4,550 ሜትር፣ በሌሎች ደግሞ 4,533 ሜትር ይባላል። በትልቁና በትንሹ መካከል 87 ሜትር ልዩነት አለ። ስሙም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ራስ ዳሸን ይለዋል፣ ሌላው ራስ ደጀን። ተራራው አንድ ሲሆን ስሞቹ ሁለት፣ ቁመቶቹ ሦስት ሆነዋል። ተራራው ዕለት ዕለት በመስኮቱ የሚታየው ተማሪ ግን ከሦስቱ የትኛውንም ራሱ አልለካም።

የለኩት እነማን ናቸው? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ኳድራንትና የሩቅ መመልከቻ መነጽሮች ይዞ ነበር። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ፈረንሳውያን መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ወጥተዋል፤ በጽሑፍ ከሚታወቁት አውሮፓውያን ወጪዎች የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። አንቷን ዳባዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በአገራችን እየተዘዋወረ፣ ከተራራ ወደ ተራራ እያየና ማዕዘን እየለካ፣ የሰሜኑን ደጋ በሦስት ማዕዘን መረብ አስሮታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰሜን ተራሮችን ካርታ ሠርተዋል። ሁሉም የሚመሰገን ሥራ ነው። መንገዱን ያሳዩአቸው፣ በቅሎውን የጎተቱላቸው፣ የወንዙንና የሸንተረሩን ስም የነገሯቸው ግን የአገሬው ሰዎች ናቸው። የእነዚህን ሰዎች ስም ግን በካርታው ላይ አናነብም።

የመለኪያ ነገር ከክብር ጥያቄ ያለፈ ጉዳይም አለው። በቆዩት የኢትዮጵያ ባለ 1፡50,000 ካርታዎች ላይ ያለው የመጋጠሚያ መረብ መነሻው በጥንታዊት ኑቢያ ምድር የሚገኘው አዲንዳን የተባለ የቅየሳ ነጥብ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ግን ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በተባለ ሌላ መነሻ ይሠራል። ሁለቱ በአገራችን ላይ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ይህን ያላወቀ ተጓዥ ከስልኩ ያነበበውን ቁጥር በአሮጌው ካርታ ላይ ቢያሰፍር፣ በሜዳ ላይ 200 ሜትር ምንም ላይሆን ይችላል። በእሜት ጎጎ ጫፍ፣ ጉም በሸፈነው ቀን፣ 200 ሜትር የመንገድና የገደል ልዩነት ነው።

ልጆች በምሽት እሳት ዙሪያ የሚጫወቱትን እንቆቅልሽ እናስታውስ። ጠያቂው “እንቆቅልህ” ይላል፤ ተጠያቂው “ምን አውቅልህ” ይላል። መልሱን ያጣ ሰው ምን ይባላል? “አገር ስጠኝ”። እሱም ጎንደርን ወይም ሸዋን ይሰጣል፤ ሰጪው ይሸነፋል፣ ተቀባዩ በተቀበለው አገር ላይ ሲዝናና ያመሻል። ይህ የልጆች ጨዋታ አንድ ቁም ነገር ይዟል። ስለ አገሩ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ሰው አገሩን ለጠያቂው ይሰጣል። ጂኦካሺንግ በእኛ ዓይን ከዚሁ ከእንቆቅልሽ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ መልሱ በእግር ተኪዶ የሚገኝ መሆኑ ብቻ ነው።

ሳጥኑ ለምን አይሆንም?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1996 የዋልያ ቁጥር በመመናመኑ፣ በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት፣ በመንገድም ሥራ ምክንያት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚህ መዝገብ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ፈጅቷል። ይህን ያህል የተደከመበትን ቦታ በፕላስቲክ ዕቃ መሙላት ማስተዋል የጎደለው ሥራ ይሆናል።

ምክንያቶቻችን ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ተፈጥሮ ነው። ሳጥን ፈላጊ ከመንገድ ይወጣል፤ ድንጋይ ይገለብጣል፤ ሣር ይረግጣል። አንድ ሰው ቢወጣ ጉዳት የለውም፤ መቶ ሰው አንዱን አቅጣጫ ሲከተል ግን አዲስ መንገድ ይፈጠራል፣ በክረምትም ያ መንገድ ቦይ ይሆናል። በውርጭ ምድር ላይ የበቀለ ጓሳና ጅብራ ከተረገጠ ቶሎ አያገግምም። ሣር እየነጨና ሥር እየቆፈረ የሚውለው ጭላዳም የምግብ ሽታ ያለውን ዕቃ ሳይነካ አያልፍም።

ሁለተኛው የአካባቢው ሰው ክብር ነው። በእነዚህ ተራሮች ላይ አብያተ ክርስቲያናት፣ ጸበሎችና የመቃብር ሥፍራዎች አሉ። የዜማው ሊቅ ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ ትውፊት ይናገራል፤ ከጫፎቹም አንዱ አባ ያሬድ ይባላል። ባለቤት በሌለበት ምድር የሚደበቅ ሳጥን ጨዋታ ነው፤ ሰው በሚሳለመው ቦታ የሚደበቅ ሳጥን ግን ድፍረት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረው ጦርነት በ2021 የሰሜን ጎንደርን ምድር ነክቷል፤ ከ2023 ወዲህም የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። ጦርነት ባለፈበት አገር ላለ ሕፃን የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት “ያላወቅኸውን የተደበቀ ዕቃ አትንካ፤ አትክፈት” የሚል ነው። በዚያው ሥፍራ የተደበቀ ቆርቆሮ ፈልጎ መክፈትን ጨዋታ አድርጎ ማስተማር ያንን ትምህርት ማፍረስ ይሆናል። ይህ ምክንያት ብቻውን እንኳ ቢሆን ሳጥኑን ለመተው ይበቃናል።

ደግነቱ ሳጥን የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የጂኦሎጂ ማኅበር ኧርዝካሽ የተባለ ሌላ ዓይነት ፍለጋ አስጀመረ፤ የመጀመሪያውም በአውስትራሊያ ተዘጋጀ። በዚህ ዓይነቱ ምንም የሚቀበር ነገር የለም። ተጓዡ ቁጥሩን ተከትሎ ቦታው ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ዐለት፣ ፏፏቴ ወይም ሸለቆ ነው። ከዚያም አስተውሎ፣ ለክቶ ወይም ቆጥሮ ጥያቄውን ይመልሳል። የሚወስደው ዕውቀት ነው፤ ትቶት የሚሄደውም ዱካውን ብቻ ነው።

በመንገዱ ላይ ሊቀመጡ የሚችሉ ጥያቄዎች

ሐሳባችን በደመና ላይ እንዳይቀር ጥቂት ምሳሌዎች እናቅርብ።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በደባርቅ፣ ፈላጊው ቀጥ ያለ ዱላ መሬት ላይ ተክሎ የቀትር ጥላን ይለካል። በ13 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በአናት ትክክል ታልፋለች። ነሐሴ ደመና ነው፤ ሚያዝያ ግን ይመቻል። በዚያ ሰሞን በቀትር ዱላው ጥላ የለውም። በሌላ ቀን ከጥላው ርዝመት ተነሥቶ የከተማይቱን ኬክሮስ ማስላት ይቻላል። ሳተላይት ሳይኖር ኬክሮስ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በ3,250 ሜትር ላይ ባለችው በሳንካበርና በ3,620 ሜትር ላይ ባለው በጨነቅ ፈላጊው ውኃ አፍልቶ በቴርሞሜትር ይለካል። የአየር ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀንስ፣ የመፍያው ሙቀት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ በሳንካበር 89፣ በጨነቅ 88 ዲግሪ ገደማ ማንበብ አለብን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ተጓዦች የተራራን ቁመት ይገምቱ የነበረው በዚህ ዘዴ ነው። የአንድ ዲግሪ ስሕተት የ300 ሜትር ስሕተት መሆኑን ያየ ተማሪ፣ ተራራችን ሦስት ቁመት እንዴት ሊኖረው እንደቻለ ለመረዳት አይቸገርም። ባቄላ በደጋ ለምን ዘግይቶ እንደሚበስልም እግረ መንገዱን ያውቃል።

በእሜት ጎጎ የገደል አፋፍ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ የዐለቱን ንብርብር መቁጠር ይሆናል። እያንዳንዱ እርከን የቀለጠ ዐለት ፈስሶ የቀዘቀዘበት አንድ ምዕራፍ ነው። ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ዝናብና ወንዝ እየቆረጡ ያን ሰፊ የእሳተ ገሞራ ጉብታ አሁን የምናየው ገደል አደረጉት። በግጭና በጨነቅ አካባቢ ደግሞ ተማሪው የአስታ ዛፍ የሚያቆምበትንና ጅብራ ብቻውን የሚቀርበትን ከፍታ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ወር ቢያዝ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚናገር ሰነድ ይሆናል። ቧሂት ላይ የበረዶ ግግር ገፍቶ የከመረውን ድንጋይ መፈለግ ይቻላል። ዛሬ በረዶ የማይከርምበት ይህ ተራራ በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር ተሸክሞ ነበርና።

መካነ ብርሃን ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ግን በመሣሪያ የሚመለስ አይሆንም። ፈላጊው ከከተማይቱ የሚታዩ ሦስት ሸንተረሮችን ይመርጣል፤ አቅጣጫቸውን በኮምፓስ ይለካል፤ ከዚያም አንድ አዛውንት ዘንድ ቀርቦ “አባባ፣ ያኛው ሸንተረር ማን ይባላል? ለምንስ እንዲህ ተባለ?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በግዕዝ ፊደል፣ እንደ ተነገረው ይጽፋል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሰው ሲነሣ ምንጩና ዐለቱ በቦታቸው ይቀራሉ፤ ያልተጻፈው ስማቸው ግን ከሰው ጋር ይሄዳል። ከአንድ ትውልድ በኋላም ይጠፋል። የዚህ ዓይነቱን ስም መልሶ የሚያመጣ ሳተላይት የለም።

መቃወሚያዎችና መልሳችን

“ይህ የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው” የሚሉን ይኖራሉ። ባለስልኩ ተማሪ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ስልክ ለአሥር ተማሪዎች ይበቃል፤ የሳተላይቱን መልእክት ለመቀበልም የስልክ መስመር ሆነ የኢንተርኔት ክፍያ አያስፈልግም። ከላይ ካቀረብናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዱላ፣ ገመድ፣ ቴርሞሜትርና ኮምፓስ ብቻ ይጠይቃሉ።

“ቦታን በቁጥር ማሳወቅ አደጋ አለው” የሚለው መቃወሚያ ደግሞ ከባድ ነው፤ እኛም እንቀበለዋለን። ዋልያ በዓለም ላይ ከእነዚህ ተራሮች በቀር የትም አይገኝም። የሚወልድበትን ገደል በቁጥር ማወጅ ለአዳኝ መንገድ ማሳየት ነው። ስለዚህ የዋልያና የቀይ ቀበሮ መዋያ፣ የአሞራ ጎጆ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ያሉበት ቦታና የግለሰብ መኖሪያ ፈጽሞ የፍለጋ ነጥብ መሆን የለባቸውም። ነጥብ የሚመረጠው ፓርኩ፣ የወረዳው አስተዳደርና የአካባቢው ሽማግሌዎች ሲስማሙ፣ ያውም በነባሩ መንገድ ላይ ብቻ ነው።

“የአስጎብኚውን እንጀራ ይነጥቃል” የሚልም አይጠፋም። እኛ ተቃራኒው ይታየናል። በፓርኩ ውስጥ ያለ አስጎብኚና ያለ ስካውት መሄድ የለበትም። የጥያቄው ግማሽ መልስ በዐለቱ፣ ግማሹ በአስጎብኚው አንደበት እንዲሆን ካደረግን፣ ጎብኚው ከአካባቢው ሰው ጋር መነጋገር ግድ ይሆንበታል። ቁጥር ብቻውን መንገድ አይመራም። ከገደል ሥር ሰማዩ በግማሽ ሲሸፈን፣ የሬዲዮው ሞገድም ከዐለት ዐለት ሲነጥር፣ ስልኩ በእርግጠኝነት የተሳሳተ ቦታ ሊያሳይ ይችላል። በቅሎ ጎታቹ ግን አይሳሳትም።

የመጨረሻው መቃወሚያ ጊዜው ነው። በዚህ ዘመን ሰላም ሳይረጋ ስለ ተራራ ጨዋታ መጻፍ ለምን አስፈለገ? አንባቢዎቻችን ይህን ጽሑፍ የጉዞ ጥሪ አድርገው እንዳይወስዱት አደራ እንላለን። የመንገዱ ደኅንነት በአካባቢው ኃላፊዎችና ነዋሪዎች ሳይረጋገጥ ማንም ተማሪ ሊሄድ አይገባውም። ነገር ግን የዱላው ጥላ በትምህርት ቤት ግቢ ይለካል። ውኃው በቤተ ሙከራ ይፈላል። በጎንደር ከተማ፣ አፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግቢ ዙሪያ፣ የግንቡን ድንጋይና ኖራ የሚመለከት የሙከራ ፍለጋ ማዘጋጀት ይቻላል። የሸንተረሩም ስም ከአያት አፍ ቤት ውስጥ ይጻፋል። እንዲያውም መንገዱ ጭር ያለበት ጊዜ ለጥያቄ ዝግጅት የሚመች ነው። ጎብኚው ተመልሶ ሲመጣ ጥያቄው በእኛ ልጆች እጅ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ከማን ይጀመር?

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብና ትልቅ ጽሕፈት ቤት አይፈልግም። የፊዚክስ፣ የጂኦሎጂ፣ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎች አራት ሆነው አንድ የሙከራ ጥያቄ ያዘጋጁ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያሉ የሳይንስ ክበቦች ጥያቄውን ፈትነው ስሕተቱን ያውጡ። የተለካው ሁሉ ከመለኪያው ስሕተት ጋር፣ ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደ ለካው ተጠቅሶ በአንድ መዝገብ ይቀመጥ። የአገሪቱን ካርታ የሚያዘጋጀው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም እንዲህ ያለውን የቦታ ስም መዝገብ በደስታ ይቀበለዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ማንም ሰው ሊያርመውና ሊያበለጽገው የሚችለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለ ነፃ የዓለም ካርታም በሩ ክፍት ነው።

ይህን ብናደርግ የጃናሞራ ገበሬ የገብስ ምርት እንደማይጨምር፣ ተዳፋቱ ላይ የሚታጠበው አፈርም በዚህ ብቻ እንደማይቆም እናውቃለን። ነገር ግን አፈሩ በየዓመቱ ስንት ሣንቲ ሜትር እንደሚቀንስ ችካል ተክሎ የሚለካ ተማሪ ሳይኖር ስለ አፈር ጥበቃ የሚነገረው ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራል። መለካት የለመደ እጅ ከተራራው ወደ እርሻው፣ ከእርሻው ወደ ወንዙ መሻገሩ አይቀርም።

መካነ ብርሃን ማለት የብርሃን ቦታ ማለት ነው። የዚያች ከተማ ተማሪ ነገ በአገሩ ተራራ ላይ “ይህ ምንድን ነው?” የሚል እንግዳ ሲያጋጥመው፣ ለክቶ፣ ጽፎና ከአያቱ ጠይቆ ያዘጋጀው መልስ እንዲኖረው እንሻለን። ለዚህም የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መሣሪያ አንድ ቀጥ ያለ ዱላ ነው። በመጪው ሚያዝያ አጋማሽ፣ በቀትር፣ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ትከሉትና ጥላውን ለኩ።